ቸርችል ያሉትና ያላሉት

እኛ ጋ ባለቤት ያጣ ቀልድ ሁሉ አለቃ ገብረ ሐና ላይ ይለጠፋል። እንግሊዞች ጋ ይህ ዕጣ የደረሳቸው ጠቅላይ ሚኒስትር ዊንስተን ቸርችል ናቸው። ከፒያሳ ወደ ለገሃር የሚወርደው ጎዳና በስማቸው ስለሚጠራ ለእኛም እንግዳ አይደሉም። እስቲ ስለሳቸው የሚወራውን እናጥራው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

«መርዙን እጠጣው ነበር ብለዋል»

የፓርላማ አባሏ ሌዲ አስተር «ባሌ ብትሆን ቡናህ ላይ መርዝ ጠብ አደርግ ነበር» አሏቸው ይባላል። መልሱ ደግሞ «ሚስቴ ብትሆኚ እጠጣው ነበር»። ታስቃለች፤ ግን አሮጌ ናት። በ1900 ገደማ በአሜሪካ ጋዜጦች ላይ የሁለቱም ስም ሳይነሳ ትዞር ነበር። ሌዲ አስተር ፓርላማ የገቡት በ1919 ነው።

«አትሊን በባዶ ታክሲ ሰድበዋቸዋል»

«ባዶ ታክሲ መጥታ ቆመች፤ አትሊ ወረደ» የምትለዋን ነው። ክሌመንት አትሊ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የቸርችል ምክትል ነበሩ። በ1945 ምርጫ ደግሞ አሸንፈው ወንበራቸውን ወሰዱባቸው። ስለዚህ ነገሩ እውነት ይመስላል። ግን የቸርችል ጸሐፊ ጆን ኮልቪል ቀልዷን ሲነግሯቸው ቸርችል አልሳቁም። አትሊ አገራቸውን በክፉ ቀን ያገለገሉ ሰው ናቸው አሉ። እንዲህ ያለ ነገር ከአፋቸው እንደማይወጣ፣ የሚያወራውንም እንደማይወዱለት ለሰው እንዲነገርላቸው ጠየቁ። ለኔ ሰውየውን ከቀልዷ ይልቅ ይህ መልስ ያሳየኛል።

«አፋቸው ላይ የመጣላቸውን ነበር የሚናገሩት»

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ኤፕሪል 22 ቀን 1904 ወጣቱ ቸርችል ንግግራቸውን በቃላቸው ሸምድደው ፓርላማ ቆሙ። ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል ተናገሩ። ከዚያ ድንገት ጠፋባቸው። ቃሉን ቢፈልጉ፣ ቢዳብሱ፣ እምቢ አለ። አመስግነው ተቀመጡና ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

ከዚያ ወዲህ ለትልቅ ንግግር ወረቀት ይዘው መቆም ልማዳቸው ሆነ። ወረቀቱም እንደ ተራ ወረቀት አልነበረም። ጸሐፊዎቻቸው ንግግሩን እንደ መዝሙረ ዳዊት በአጫጭር መስመር እየሰበሩ ይተይቡታል። የት እንደሚተነፍሱ ከመስመሩ ይታያል። ቤታቸው ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያሉ ያጉተመትማሉ፤ ገንዳ ውስጥ ተዘፍዝፈውም ያስጽፋሉ። በወዳጃቸው በኤፍ. ኢ. ስሚዝ ስም የምትነገር ቀልድ አለች፦ «ዊንስተን የዕድሜውን ምርጥ ዓመታት ያጠፋው ያልተዘጋጀበትን ንግግር ሲዘጋጅ ነው።»

«ዴሞክራሲ ከሁሉም የከፋ ነው፣ እስከዛሬ ከተሞከሩት ከሌሎቹ በስተቀር» የምትለዋስ? እሷን በኖቬምበር 1947 ፓርላማ ውስጥ ብለዋታል። ግን «ተብሏል» ብለው ነው ያቀረቧት፤ የኔ ናት አላሉም።

«ፋሺስትን ከመጀመሪያው ይጠሉ ነበር»

ይሄኛው እኛን ይቆረቁራል። በጃንዋሪ 1927 የገንዘብ ሚኒስትር ሳሉ ሮም ሄዱ። እዚያም ለጋዜጠኞች ስለ ፋሺስቶቹ ሲናገሩ፣ ጣሊያናዊ ብሆን ኖሮ ሌኒኒዝምን ስትታገሉ ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው ከእናንተ ጋር እሰለፍ ነበር አሉ። ኮሚኒዝምን አጥብቀው ከመፍራታቸው የተነሳ ሙሶሊኒ መድኃኒት መስሎ ታይቷቸው ነበር።

በሜይ 1941 ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ ሲገቡ ግን የቸርችል ቴሌግራም ደረሳቸው። በፋሺስትና በናዚ ወንጀለኞች ከዙፋናቸው ከተባረሩት ነገሥታት የመጀመሪያው እርስዎ ነበሩ፤ በድል ለመመለስም የመጀመሪያው እርስዎ ሆኑ ይላል። ከሮሙ ንግግር እስከዚህ ቴሌግራም 14 ዓመት አለ።