ጡንቻ የሚፈልጉ ታዳጊዎች ምን ይብሉ? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ቅዳሜ ጠዋት የሰፈራችንን ታዳጊዎች ኳስ ማሰልጠን ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ድሮ ከልምምድ በኋላ ከበውኝ የሚጠይቁኝ ስለ ኳስ ነበር። አሁን ስለ ጡንቻ ሆኗል። «ምን ልብላ? ጓደኛዬ ይህን ገዛ፣ እኔም ልግዛ?» ከጂም፣ ከቲክቶክ፣ ከታላቅ ወንድም የሰሙትን ይዘው ይመጣሉ። ከሰሙት ውስጥ አንዳንዱ ስህተት ኪስ ብቻ ነው የሚጎዳው። አንዳንዱ ግን ጤና ያበላሻል። እኔን በጣም የሚቆጨኝ ልጆቹ ቤታቸው ያለውን ምግብ መናቃቸው ነው።

«ፓውደር ካልጠጣህ ጡንቻ አይመጣም»

ይህን ያለኝ የ16 ዓመት ልጅ ነው። የፕሮቲን ዱቄት ለመግዛት የምሳ ገንዘቡን ያጠራቅም ነበር። ከትምህርት ቤት ወጥቶ በባዶ ሆዱ ብረት ያነሳል። ሲነግረኝ አንጀቴን በላው።

ቁጭ ብለን ሒሳቡን ሠራን። ጡንቻ ለመጨመር የሚለማመድ ስፖርተኛ በቀን ለእያንዳንዱ የሰውነቱ ኪሎ ከ1.2 እስከ 1.6 ግራም ፕሮቲን ካገኘ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃዋል። ልጁ 60 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ የሚያስፈልገው ከ72 እስከ 96 ግራም ነው። ሁለት እንቁላል 12 ግራም ያህል አለው። አንድ ብርጭቆ ወተት 8። አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 18። አንድ እፍኝ ለውዝ 7። እዚህ ላይ 45 ደረስን። እንጀራው፣ ዳቦው፣ የማታው ሽሮ ገና አልተቆጠረም። እነሱ ሲደመሩና አንድ ሰሐን ንፍሮ ወይም ትንሽ ሥጋ ሲጨመር ቁጥሩ ይሞላል።

ፓውደር መርዝ ነው አልልም። አብዛኛው የሚሠራው ከአጓት ነው፤ አይብ ሲወጣ ከሚቀረው ፈሳሽ። አንድ ስፍሩ ከ20 እስከ 25 ግራም ፕሮቲን ይሰጣል። ግን ሰውነት ትርፍ ፕሮቲንን ጡንቻ አድርጎ አያስቀምጥም። ወይ ያቃጥለዋል፣ ወይ ወደ ስብ ይለውጠዋል። ሌላም ችግር አለ። እነዚህ ማሟያዎች እንደ መድኃኒት ጥብቅ ምርመራ አያልፉም። ዕሽጉ ላይ ያልተጻፈ፣ በስፖርት የተከለከለ ንጥረ ነገር የተገኘባቸው ብዙ ናቸው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም ክሬቲን የተባለውን ማሟያ ጨምሮ አቅም ማጎልበቻ የሚባሉትን ከ18 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አይመክርም።

«ሽሮ ምን ፕሮቲን አለው? ጾም ደግሞ ጡንቻ ይጨርሳል»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ልጆች በዚህ ይጨነቃሉና።

ሽምብራ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ አተር በደረቁ ከ100 ግራሙ 20 ግራም ያህል ወይም ከዚያ በላይ ፕሮቲን ናቸው። እርግጥ ጥራጥሬ ብቻውን ጉድለት አለበት። ፕሮቲን የሚገነባባቸው አሚኖ አሲዶች የሚባሉ ቁርጥራጮች አሉ። ጥራጥሬ ላይሲን በተባለው ሀብታም ነው፤ ሜታዮኒን በተባለው ግን ደካማ። እህል ደግሞ በተገላቢጦሽ ነው። ሽሮ በእንጀራ ሲበላ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላል። ንፍሮም ስንዴና ሽምብራ ተቀላቅሎ ሲቀቀል እንደዚሁ ነው።

በጾም ወቅት የሚከሱ ልጆችን አይቻለሁ። ምክንያቱ ግን ምግቡ የጾም መሆኑ አይደለም፤ መጠኑና ሰዓቱ ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። አንድ ልጅ እስከ 9 ሰዓት ሳይበላ ቆይቶ፣ በ10 ሰዓት ልምምድ ገብቶ፣ ማታ አንድ እንጀራ በቲማቲም ስልስ በልቶ ቢተኛ መክሳቱ አይቀርም። መፍትሔው ልምምዱን ከምግብ በኋላ ማድረግ ነው። ከዚያም ወጡን ወፍራም አድርጎ መሥራት፤ ቀጭን ሽሮ አብዛኛው ውሃ ነው። በሶ በስኳር ወይም በማር፣ ለውዝ፣ የሱፍ ፍትፍት፣ ቆሎ በመሃል መጨመር። ዕድሜው ገና የሆነ ልጅ ስለ ሰዓቱ ከንስሐ አባቱ ጋር ቢመካከር ጥሩ ነው። በረመዳን የሚጾሙ ልጆች ደግሞ ሱሑርን አይዝለሉ። ከበድ ያለውን ልምምድም ከኢፍጣር በኋላ ቢያደርጉት ይሻላል።

ቫይታሚን ቢ12 ብቻ ከዕፅዋት አይገኝም። ጾሙ ሲፈታ እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ የሚበላ ጤነኛ ልጅ ግን ጉበቱ ውስጥ ያለው ክምችት ያሻግረዋል።

«ጡንቻ ከፈለግክ እንጀራ አቁም»

ጂም ውስጥ «ካርቦ ቁረጥ» ይባላል፤ ካርቦሃይድሬት ያለባቸውን እንደ እንጀራና ዳቦ ያሉ ምግቦች ተው ማለት ነው። ምክሩ ውፍረት ለመቀነስ ከሚሞክር ትልቅ ሰው የተወሰደ ነው። ለሚያድግ ልጅ አይሆንም። ብረት ስታነሱ ጡንቻው የሚያነደው በውስጡ የተከማቸውን ስኳር ነው። ያ ስኳር የሚመጣው ከእንጀራ፣ ከዳቦ፣ ከሩዝ፣ ከድንች ነው። እሱ ሲጠፋ ሰውነት ፕሮቲኑን ለማገዶ ያውለዋል። ለግንባታ የመጣ እንጨት ምድጃ ውስጥ ገባ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2011 አሥር ምርጥ ኢትዮጵያውያን የረጅም ርቀት ሯጮች የሚበሉት ተመዝኖ ታትሟል። ከሚያገኙት ጉልበት 64 በመቶ ያህሉ ከካርቦሃይድሬት ነበር። ገበታቸው በአብዛኛው ከዕፅዋት የመጣ ነው። ሆኖም ፕሮቲናቸው ለእያንዳንዱ ኪሎ 1.8 ግራም አካባቢ ደርሷል። ሯጭ የክብደት አንሺ ሰውነት የለውም፤ ልክ ነው። ቁም ነገሩ፣ ከልብ የሚበላ ሰው ከእንጀራና ከወጥ በቂ ፕሮቲን ማግኘት መቻሉ ነው።

«ጥሬ እንቁላል እና ጥሬ ሥጋ ኃይል ይሰጣሉ»

ጠዋት ሦስት ጥሬ እንቁላል ሰብረው የሚጨልጡ ልጆች አውቃለሁ። በአንድ ጥናት ሰውነት ከበሰለ እንቁላል ፕሮቲን 90 በመቶ ገደማ ሲጠቀም ከጥሬው 50 በመቶ ገደማ ብቻ ነው የተጠቀመው። የጥሬ እንቁላል ነጩ ክፍል ባዮቲን የተባለውን ቫይታሚንም ይይዝብናል። ሳልሞኔላ የተባለው ባክቴሪያ ከመጣ ደግሞ ተቅማጡ የሳምንት ልምምድ ይበላል። ቀቅሉት።

ቁርጥ ባህላችን ነው፤ ለበዓል የሚበላውን ቤተሰብ አልነካም። ግን ከቅቅል ወይም ከጥብስ የበለጠ ጡንቻ አይሠራም። የኮሶ ትል የሚይዘን ከጥሬ ሥጋ ነው።

«ብረት ማንሳት ቁመት ያሳጥራል»

አያሳጥርም። በባለሙያ ክትትል፣ ለዕድሜ በሚመጥን ክብደት ከተሠራ አጥንትን ያጠነክራል። ዕድገትን የሚያቀጭጨው ለረጅም ጊዜ በቂ ምግብ ማጣት ነው።

«ሴት ልጅ ፕሮቲን ከበላች ወንድ ትመስላለች»

እህቶቼ፣ ይህን አትስሙ። ትልቅ ጡንቻ የሚያመጣው በዋናነት ቴስቶስትሮን የተባለው ሆርሞን ነው። በሴት ሰውነት ውስጥ ያለው መጠን ከወንዱ በጣም ያነሰ ነው። እንቁላልና ምስር አይጨምሩትም።

በሴት ልጆች ላይ የማየው ችግር ተቃራኒው ነው፤ በጣም ትንሽ ይበላሉ። እየተለማመደች የማትበላ ልጅ የወር አበባዋ ሊቀር ይችላል። «ስፖርት ስለምሠራ ነው» ብላ ታልፈዋለች። ይህ አጥንትን የሚያሳሳ ምልክት ነው፤ ሐኪም ማየት አለበት። ብረት የተባለው ማዕድንም አለ። ከ14 እስከ 18 ዓመት ያለች ልጅ በቀን 15 ሚሊግራም ያስፈልጋታል፤ ወንዱ 11። ምስር፣ ጤፍ፣ ሥጋ ይሰጣሉ። ሎሚ ወይም ቲማቲም አብሮ ሲበላ ሰውነት ከዕፅዋት የሚገኘውን ብረት የበለጠ ይወስዳል። ሻይና ቡና ግን ከምግብ ጋር ሲጠጡ ይከለክሉታል። ስለዚህ ከምሳ በኋላ ወዲያው የምትጠጡትን ሻይ አንድ ሰዓት ያህል አዘግዩት።

«በልምምድ መሃል ውሃ መጠጣት ያደክማል»

የሚያደክመው አለመጠጣት ነው። ትንሽ ትንሽ እያላችሁ ጠጡ። ሽንታችሁ ጠቆር ካለ ውሃ አንሷችኋል።

«መርፌው ያፋጥነዋል»

ይህ ከሁሉም በላይ ያስፈራኛል። ስቴሮይድ ነው፤ እንደ ቴስቶስትሮን የሚሠራ መድኃኒት። ገና በሚያድግ ልጅ ላይ የአጥንት ማደጊያ ጫፎችን ያለጊዜያቸው ይዘጋል። ቁመት እዚያው ይቆማል፤ መልሶ የሚከፍተው የለም። የወንድ ልጅ ጡት ሊያብጥ፣ የዘር ፍሬው ሊቀንስ ይችላል። ልብንና ጉበትንም ይጎዳል።

የ14 ዓመት ልጅ ጉርምስናው ገና ነው። ጎኑ ያለው ጓደኛው አንድ ዓመት ቀድሞት ጎርምሶ ይሆናል። ልዩነቱን ምግብ አይሞላውም፤ ጊዜ ነው የሚሞላው። በመሃል ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ከየትኛውም መርፌ በላይ ይጠቅመዋል።

ወላጆች፣ ልጃችሁ መርፌ እንደጀመረ ከጠረጠራችሁ አትጩኹበት፤ ይደብቃችኋል። ረጋ ብላችሁ ጠይቁትና ሐኪም ዘንድ አብራችሁት ሂዱ። ብዙ ከወሰደ በኋላ ማቆሙ ራሱ የሐኪም ክትትል ይፈልጋል።