«አብሽር፣ ፍም ነው» ለሚሉኝ ሾፌሮች

ኮምቦልቻ ሲያድሩ ስለ ብርድ የሚያወራ ሾፌር የለም። ከወልድያ ተነስቶ የድልብን ዳገት ወጥቶ ጋሸና ያደረ ግን፣ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ፣ ጋቢናውን በምን እንደሚያሞቅ ነው የሚያስበው። ብዙዎቹ ከሰል ያስገባሉ። እኔ መካኒክ ነኝ። «ተው» ስለው «አብሽር፣ ጭሱ አልቋል፣ ፍም ነው» የሚለኝ ሰው ደሜን ያፈላዋል።

የሚገድለው ጭሱ አይደለማ! ጭስ ቢኖር ያስልሃል፣ በሩን ትከፍታለህ። ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ አይታይም፣ አይሸትም። ከሰሉ ቀልቶ ሲያምር፣ አመድ ለብሶ አየር ሲያጥረውም ይህንኑ መልቀቁን አያቆምም። ደም ውስጥ ሲገባ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በርትቶ ሄሞግሎቢን ላይ ይጣበቃል፣ ኦክስጅኑ ቦታ ያጣል። ጋሸና ደግሞ ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል፤ እዚያ የምትተነፍሰው ኦክስጅን ድሮም ቆላ ካለው ያነሰ ነው። ይህን ሁሉ የምታደርገው እግር በማይዘረጋበት ጠባብ ጋቢና ውስጥ ነው።

«ሲበዛብኝ እነቃለሁ» ባዮችም አሉ። አትነቃም። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ነው፤ እንቅልፍ የወሰደው ሰው ይህን ከየት ይሰማዋል? አንድ የማውቀው ረዳት የተረፈው ሽንት ቀስቅሶት ነው። በሩን እንደከፈተ ጉልበቱ ከዳውና ውጭ ወደቀ፣ አየሩ አዳነው። ሰዉ ደግሞ ወተት ይዞለት ሮጠ! ወተት ይህን መርዝ አያረክስም፣ ራሱን ለሳተ ሰውማ ሳንባው ውስጥ ሊገባ ይችላል። ወደ ንጹህ አየር አውጡት፣ ከዚያ ኦክስጅን ያለበት ሆስፒታል አድርሱት።

መርዙን ይስባል ብለው ጋቢናው ውስጥ የሚያስቀምጡት ውሃ በሳህን፣ ጨው፣ ሎሚስ? ከንቱ። ጋዙ ውሃ ውስጥ ይህ ነው የሚባል አይሟሟም።

መስኮት በጣት ያህል መክፈትም አያስተማምንም፤ ለማዘናጋት ግን አንደኛ ነው።

«ቡታጋዝ ንጹህ ነው» ይላሉ። አየር ካጠረው እሱም ያንኑ መርዝ ይሠራል። በዚያ ላይ 1 ኪሎ ጋዝ ሲነድ ከ1 ሊትር ተኩል በላይ ውሃ በእንፋሎት ይወጣል። ጠዋት መስታወቱ የሚያንጠባጥበው፣ ፍራሹም የሚረጥበው ወዶ አይደለም።

ሞተር አስነስቶ መተኛትስ? ማሞቂያው የሚሠራው ሞተሩን በሚያቀዘቅዘው ውሃ ስለሆነ እሱ ራሱ ጥፋት የለበትም። የኔ ጭንቀት የሞተሩ ጭስ የሚወጣበት ማርሚታው ነው፤ ከተበሳ ያው መርዝ ጋቢና ሊገባ ይችላል። ተበስቶ እየተነፈሰ ወደ ጋራዥ የሚመጣው መኪና ብዛቱ! ባለቤቱ ደግሞ «ድምፁ ትንሽ ጨመረ» ብቻ ነው የሚለኝ። ሳትተኛ አሙቀው፣ ከዚያ አጥፋው።

አረቄ ቆዳህን ያሞቅና የውስጥ ሙቀትህን ያስወጣዋል። አለቀ።

ይልቅ ብርዱ ከሥር እንደሚመጣ እወቅ። ሦስት ብርድ ልብስ ደርበህ ስስ ፍራሽ ላይ ብትተኛ ትንቀጠቀጣለህ፤ አጎዛ አንጥፍ፣ ከላይ ጋቢ ደርብ፣ መስታወቱን በካርቶን ሸፍን። ፍል ውሃ ጠንካራ ጀሪካን ውስጥ ሞልተህ፣ በጨርቅ ጠቅልለህ እግርህ ሥር አድርገው። ሃይላንድ እንዳትጠቀም፣ ተጨማዶ ፍራሽህ ላይ ይፈስሳል። ውሃውንም ቡናውንም ውጭ አፍላ። ማንደጃው «ጠፍቷል» ቢሉህም እዚያው ውጭ ይደር፣ አመድ ሥር ያለ ፍም ለሰዓታት ይቆያልና።