«ፈረምኩና ልጄን ወሰዱት»፦ አንቀጽ 20 እና አንቀጽ 31

እንግሊዝ አገር በምንኖር ወላጆች መካከል «ካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) አስፈረመኝና ልጄን ወሰደው» የሚል ወሬ አያልቅም። ሁለት የተለያዩ ነገሮች ስለሚደባለቁ ነው።

በ1989ኙ የልጆች ሕግ አንቀጽ 20፣ ካውንስሉ ልጅን ማሳደጊያ ወይም አሳዳጊ ቤተሰብ ጋ የሚያስቀምጠው ወላጅ ሲስማማ ነው። ፍርድ ቤት የለበትም። የወላጅነት መብታችሁም አይነካም። አንቀጽ 31 ግን ሌላ ነው፦ ልጅን በፍርድ ቤት ትእዛዝ በካውንስሉ እንክብካቤ ሥር ማድረግ ነው። እሱን የሚወስነው ዳኛ ነው፤ ካውንስሉም የወላጅነት ሥልጣን ይጋራችኋል፣ እንደውም የእሱ ቃል ይበልጣል።

ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ እናት ቀዶ ሕክምና ልትገባ ነው እንበል። ዘመድ የላትም። የ9 ዓመት ልጇ ማሳደጊያ እንዲቆይ ትፈርማለች። በሦስተኛው ሳምንት ተሽሏት ማክሰኞ ጠዋት በሩን ብታንኳኳ፣ «መጀመሪያ እንደምትወስጂው ቀድመሽ አሳውቂ» ሊሏት አይችሉም። ልጇን ይዛ መሄድ ትችላለች። ሶሻል ወርከሯ (ጉዳዩን የያዘችው የካውንስሉ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ) አደጋ አለ ካለች ፍርድ ቤት መሮጥ ያለበት ካውንስሉ ነው። (ፖሊስ ግን በአስቸኳይ እስከ 72 ሰዓት ልጅን ማቆየት ይችላል።) ልጁ 16 ሞልቶት «እቆያለሁ» ካለ ደግሞ ወላጅ ሊያስወጣው አይችልም።

የትኛው ቤት፣ ምን ያህል ርቀት፣ ጉብኝቱ በሳምንት ስንቴ የሚለው እንደየካውንስሉና እንደየጉዳዩ ይለያያል።

እኔን የሚያናድደኝ ያለአስተርጓሚ መፈረሙ ነው። ያልገባው ሰው ተስማማ አይባልም። ስለዚህ አስተርጓሚ ሳይመጣ እስክሪብቶ አትያዙ። ጉዳዩ በአንቀጽ 31 ፍርድ ቤት ከደረሰ ደግሞ ደሞዛችሁ ምንም ያህል ቢሆን ጠበቃው በነፃ ነው።