ስላፕስቲክ፦ ድምፁ ትልቅ፣ ምቱ ትንሽ

ሰውዬው የሙዝ ልጣጭ አዳልጦት ዘፍ ሲል፣ ወይም ፊቱ ላይ ኬክ ሲለጠፍበት እንስቃለን። እንዲህ ያለው በአካል የሚሠራ ኮሜዲ ስላፕስቲክ ይባላል። በጣም የምወደው ጥበብ ነው፤ ስለዚህ በስህተት የሚነገርለትን ዝም ብዬ ማለፍ አይሆንልኝም።

«ቃሉ ከፊልም የመጣ ነው»

አይደለም። ስላፕስቲክ መጀመሪያ የዕቃ ስም ነበር። በእንግሊዝኛ «ስላፕ» ጥፊ፣ «ስቲክ» ዱላ ነው፤ የጥፊ ዱላ እንደ ማለት። ዕቃው ግን ከቃሉ በጣም ይቀድማል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያን ውስጥ ኮሜዲያ ዴላርቴ የሚባል ቲያትር ነበር፤ ብዙዎቹ ተዋንያን ጭምብል ያጠልቃሉ። ከነሱ አንዱ አርሌኪኖ፣ ልብሱ በቀለም ያበደ ተንኮለኛ አሽከር ነው። ዱላዋን ከጎኑ አይለያትም። ጣሊያኖቹ ባታኪዮ ይሏታል።

«በዱላ ከተመታ ያመዋል»

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ዱላዋ አንድ ወጥ እንጨት አይደለችም። ሁለት ስስ ጣውላዎች እጀታው ላይ ተጣብቀው፣ ወደ ጫፉ በመሃላቸው ክፍተት ይቀራል። ሲመቱባት ጣውላዎቹ እርስ በርስ ይጋጩና ጧ! ይላሉ። ተመቺው ግን እምብዛም አይሰማውም። ሁለት ማስመሪያ ደርባችሁ፣ አንዱን ጫፍ ጥብቅ አድርጋችሁ ይዛችሁ ጭናችሁን መታ አድርጉ። ድምፁ ከምቱ ሲበልጥ ትሰማላችሁ። የጥበቡ ምስጢር በሙሉ እዚህች ክፍተት ውስጥ ነው ያለው። ሙዚቀኞችም ዱላዋን ይጠቀሙባታል፤ የፈረንሳዊው የሙዚቃ ደራሲ የሞሪስ ራቬል የጂ ሜጀር ፒያኖ ኮንቼርቶ (ለፒያኖና ለኦርኬስትራ የተደረሰ ሙዚቃ) የሚከፈተው በዚሁ ዓይነት መሣሪያ የ«ጧ!» ድምፅ ነው።

«የጀመረው ቻርሊ ቻፕሊን ነው»

ቻፕሊን ታላቅ ነው፤ ጀማሪ ግን አይደለም። ፈረንሳውያኑ የፊልም ፈር ቀዳጆች የሉሚየር ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1895 ባሳዩት አጭር ፊልም ላይ አንድ ልጅ የአትክልተኛውን የውሃ ጎማ ይረግጣል። ውሃው ይቆማል። አትክልተኛው ምን ሆነ ብሎ የጎማውን አፍ ሲያይ ልጁ እግሩን ያነሳል፤ ውሃው ፊቱ ላይ ቷ! ቻፕሊን ያኔ የ6 ዓመት ልጅ ነበር።

«መውደቅ ምን ሙያ አለው?»

የድምፅ አልባ ፊልም ኮሜዲያኑን ባስተር ኪተንን እዩት። እ.ኤ.አ. በ1928 በሠራው ፊልም፣ የአንድ ቤት ፊት ለፊት ግድግዳ እንዳለ ይወድቅበታል። የፊልም ማታለያ የለበትም፤ ግድግዳው እውነተኛ ነው። የዳነው የላይኛው ፎቅ መስኮት በሚያርፍበት ቦታ ላይ ልክ ስለቆመ ነው። ትንሽ ፈቀቅ ቢል አልቆለት ነበር። አቧራው ሲነሳ እሱ እዚያው ቆሟል።