ፊሽካው ከተነፋ በኋላ

ወገኖቼ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ዛሬ አዝኜ ነው የምጽፈው።

ባለፈው ቅዳሜ ወጣቶቻችን ኳስ ሲጫወቱ ለማየት ሄጄ ነበር። ከጨዋታው በፊት ሁለቱም ቡድኖች ክብ ሠርተው ጸለዩ። አሰልጣኞቹም አብረው አሜን አሉ። የመጨረሻው ፊሽካ ሲነፋ ግን ያ ጸሎት የት እንደገባ እንጃ። አንዱ አሰልጣኝ ሊጨብጥ እጁን ሲዘረጋ ሌላው ፊቱን አዞረበት። ክፉ ቃል ተወራወሩ። ሊገላግሉ የሮጡት ተጫዋቾችም ማልያ ለማልያ ተያያዙ። ጥግ ላይ ደግሞ ፍጹም ቅጣት ምት የሳተው ልጅ ብቻውን ተቀምጧል። አሰልጣኙ በሰው ሁሉ ፊት "ጉድ የሠራኸን አንተ ነህ" ብሎት አልፏል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንዲት ጥቅስ ከአእምሮዬ አልወጣ አለች። አንደኛ ቆሮንቶስ 9፥25። ሐዋርያው ጳውሎስ የሚታገል ሁሉ በነገር ሁሉ ራሱን ይገዛል ይላል። ይህን ሲጽፍ አንባቢዎቹ በደንብ ይገባቸዋል። ጳውሎስ ቆሮንቶስ ላይ ዓመት ከስድስት ወር ተቀምጦ አስተምሯል። ከከተማዋ ብዙም ሳይርቅ፣ ኢስምያ በሚባለው ስፍራ፣ በየሁለት ዓመቱ ትልቅ የስፖርት ውድድር ይደረግ ነበር። አሸናፊው የሚደፋው አክሊል ከቅጠል የተጎነጎነ ነው። ሰው ለዚያ ለሚደርቅ ቅጠል ብሎ ስንት ነገር ራሱን ይከለክል ነበር! እኛ ደግሞ የማይጠፋ አክሊል ተስፋ አለን እያልን አንዲት ቃል መዋጥ አቃተን።

ይህን ጥቅስ ስናነብ ብዙዎቻችን የምናስበው ልምምዱን ነው። ምግብ መመጠን፣ በጊዜ መተኛት፣ ማልዶ መሮጥ። እሱም አለበት። ግን ጳውሎስ "በነገር ሁሉ" ነው ያለው። ሁሉ ካለ፣ ከፊሽካው በኋላ ያሉት አምስት ደቂቃዎችም ውስጡ አሉ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከባዶቹም እነሱ ናቸው። ጨዋታው ቆመ ማለት ደም ቀዘቀዘ ማለት አይደለም። ልብ ገና ይመታል፣ ዳኛው ያለፈው ጥፋት ገና ዓይን ላይ አለ።

ሽንፈት ነው እንዲህ የሚያደርገን እንዳትሉኝ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2022 የእንግሊዞቹ ክለቦች ቼልሲና ቶተንሃም ሁለት ለሁለት ወጡ። ማንም አልተሸነፈም። አሰልጣኞቻቸው ቱኸልና ኮንቴ ግን ሊጨባበጡ ተገናኝተው ተጣሉ፤ ሁለቱም ቀይ ካርድ አዩ። ሰላምታው ራሱ የጠብ ምክንያት ሆነ። እነሱ የዓለም አሰልጣኞች ናቸው፣ አልፈርድባቸውም። የእኛ ነው የሚያመኝ፤ እኛ ከጨዋታው በፊት አሜን ያልን ነን።

አሸናፊዎችም ንጉሥ ዳዊትን አስቡት። ሲሰደድ ሳሚ የሚባል ሰው ድንጋይ እየወረወረ ሰደበው። ዳዊት ድል አድርጎ ሲመለስ ያው ሳሚ ዮርዳኖስ ድረስ መጥቶ ፊቱ ወደቀ። የዳዊት የጦር አለቃ አቢሳ ይገደል አለ። ዳዊት ግን ዛሬ ሰው አይሞትም ብሎ ማረው። ተሸንፎም፣ አሸንፎም እጁን ሰበሰበ። በዕድሜው መጨረሻ ግን ለልጁ ለሰሎሞን ሳሚን ሳትቀጣ አትተወው ማለቱን ሳነብ ልቤ ይከፋል። ያን ሁሉ ዓመት ነገሩ ከውስጡ አልወጣም ነበር ማለት ነው። ስለዚህ እየተጨባበጣችሁ በሆዳችሁ ቂም የምትይዙም አላችሁና ራሳችሁን መርምሩ።

አሰልጣኞች ሆይ፣ እባካችሁ። በዚያች ሰዓት ትንሽ ዝም በሉ። ያዕቆብ ለመናገር የዘገያችሁ፣ ለቁጣም የዘገያችሁ ሁኑ ብሎናል። የተጋጠማችሁትን አሰልጣኝ ጨብጡና ወደ መልበሻ ክፍል ግቡ። ለተጫዋቹ ስሕተቱን ነገ በልምምድ ላይ ንገሩት፤ ለብቻው፣ በቀስታ። ጳውሎስ ለቆላስይስ ሰዎች ሲጽፍ አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያስቆጡ የከለከለው ልባቸው እንዳይዝል ነው። ለነዚህ ልጆች አሰልጣኝ አባት ማለት ነው። አንዳንዱ ሌላ አባት የለውም።

ለዚያ አሰልጣኝ ወንድሜ ደግሞ ይህን መልእክት ልላክለት። ልጁን እንደምትወደው አውቃለሁ፤ ስታለማምደው አይቻለሁ። ልጁ ትናንት ልምምድ አልመጣም። ፀሐይ ሳትገባ ሂድና ፈልገው።