"አላገኘንም" ማለት "የለም" ማለት ነው?

ጥያቄው በየጊዜው ይነሣል፦ የዳርክ ማተር (የማይታይ፣ በስበቱ ግን አለ ተብሎ የሚገመት ቁስ) ተመራማሪ ዕድሜውን ሙሉ ፈልጎ ካላገኘ ምን ሠራ ይባላል?

ጤፍ በወንፊት ስትነፉ አስቡት። ወንፊቱ ላይ ጠጠር ካልቀረ፣ ከቀዳዳው የሚተልቅ ጠጠር አልነበረም። ይህ ቁርጥ ነው። ጤፍ የሚያክለው ጠጠር ግን አብሮ ሾልኮ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጠበብ ያለ ወንፊት ይፈለጋል።

ፊዚክሱም እንዲሁ ነው። አሜሪካ ሳውዝ ዳኮታ ውስጥ፣ በድሮ የወርቅ ማዕድን ጉድጓድ፣ 1.5 ኪሎ ሜትር ያህል ከመሬት በታች ኤልዜድ የሚባል መሣሪያ አለ። ዜኖን የሚባል ጋዝ በፈሳሽ መልኩ 10 ቶን ይዟል። የዳርክ ማተር ቅንጣት ከዜኖን አቶም ጋር ከተጋጨ ትንሽ ብርሃን ብልጭ ይላል ተብሎ ይጠበቃል። እስካሁን "ይኸው ተገኘ" የተባለለት ብልጭታ የለም። ውጤቱ ግን ባዶ አይደለም። "ክብደቱ ይህን ያህል ሆኖ፣ ከዚህ በላይ ቶሎ ቶሎ የሚጋጭ ቅንጣት የለም" ተብሎ ይታተማል። ዶክትሬትም ይያዝበታል!

እርግጡ ነገር፣ ጋላክሲዎች (ግዙፍ የከዋክብት ስብስቦች) ውስጥ የሚታየው ቁስ ብቻውን የማያስረዳው እንቅስቃሴ አለ። የሥነ ፈለክ ተመራማሪዋ ቬራ ሩቢን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከባልደረቦቿ ጋር ለክታ አሳይታለች። ሰው የሚለያየው የእንቅስቃሴው መንስኤ ምንነት ላይ ነው። አንዱ ከባድ ቅንጣት ይላል፤ ሌላው አክሲዮን የሚባለውን እጅግ ቀላል ቅንጣት ያስሳል፤ ጥቂቶች ደግሞ የስበት ሕጉ ራሱ ይታረም ባይ ናቸው።