«ጥቁር ፈንገስ» ለምን ጥቁር ተባለ?

«ጥቁር ፈንገስ የመንጋጋ አጥንት ሲይዝ ለሌላ ሰው ይተላለፋል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ስለበዛ ነው ይህን የምጽፈው። አይተላለፍም። ስሙም ያሳስታል፤ የሚጠቁረው ደም ተቋርጦበት የሞተው ሥጋ እንጂ ፈንገሱ አይደለም። በሽታው ሙኮርማይኮሲስ ይባላል፤ አፈርና የበሰበሰ ቅጠል ላይ ከሚኖር ሻጋታ ይመጣል (ዳቦ የሚያሻግተውም ዘመዱ ነው)። ብናኙን ሁላችንም እንስበዋለን፣ ጤነኛ ሰውነት ያጠፋዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 ሕንድ ውስጥ ግን ኮቪድ፣ ከቁጥጥር የወጣ ስኳርና ስቴሮይድ (ለኮቪድ ሕክምና የሚሰጥ፣ የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት) ተገጣጥመው ብዙ ሰው ታመመ።

ስኳር ያለባት ሴት የላይኛው መንጋጋ ጥርሷን ተነቀለች እንበል። ቁስሉ አልድን አለ፣ ጉንጯ ደነዘዘ፣ አጥንቱ ገጥጦ ታየ። እዚህ ላይ አንቲባዮቲክ መደጋገም ፈንገሱን አይነካውም። የሞተው አጥንት በቀዶ ጥገና ይወጣል፣ አምፎቴሪሲን ቢ የተባለ የፈንገስ መድኃኒት በደም ሥር ይሰጣል፣ ስኳሩም ይስተካከላል። የሚወጣው አጥንት መጠንና መድኃኒቱ የሚወሰድበት ጊዜ እንደየታማሚው ይለያያል።